ሐዲስ ዓለማየሁና የልጆቻችን መንገድ

ባለፈው ሐምሌ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ከቁጠባ ሣጥናችን ብድር ጠየቀች። ብድሩን የፈለገችው ለዶሮ እርባታ ወይም ለበርበሬ ንግድ አልነበረም። 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጇ አዲስ አበባ ሄዳ ሥራ ለመፈለግ ስለቆረጠች፣ ለመሳፈሪያና ለመቋቋሚያ እንዲሆናት ነው። የተገኘ ሥራ እንዳለ ብንጠይቃት እንደሌለ ነገረችን። የሚቀበላት ዘመድም አልነበረም።

ያን ዕለት ሳንስማማ ተለያየን። ግማሾቻችን የማኅበሩ ገንዘብ ሥራ ወዳልተገኘበት አገር መላኪያ መሆን የለበትም አልን። ግማሾቻችን ደግሞ እኛ ብንከለክላት ደላላ ይወስዳታል እንጂ ቤት አትቀርም ብለን ተከራከርን። በመካከላችን በዚሁ መንገድ የሄደች ልጇ ዛሬ የምትጦራት እናት አለች። ልጇ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን ያልሰማች እናትም አለች። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ስለነበር ማናችንም ሌላዋን ተሳስተሻል ለማለት አልደፈርንም።

ለነሐሴው ስብሰባ፣ የጎልማሶች ትምህርት የምታስተምረን አባላችን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት እንድንነጋገርበት አሳሰበች። መጀመሪያ ነገሩ አልገባንም ነበር። ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩ ትልቅ ሰው ከእኛ ብድር ጋር ምን አገናኛቸው? ካዳመጥን በኋላ ግን ለዚህ እትም እንጻፈው ብለን ተስማማን።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ከተማ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ ጊዜው ልማድ ትምህርታቸውን የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያም የአብነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። እነዚህ ሁሉ በጎጃም ምድር ስማቸው የታወቀ የትምህርት ደብሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ ነው የሚወጣው? ደበሎውንና አኩፋዳውን ብቻ ነው። በሚሄድበት ደብር የሚያውቀው ሰው የለም፤ እንጀራ የሚቆርስለት ዘመድም የለውም። ነገር ግን ደጅ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን የአገሬው እናት ቁራሽ ታወጣለታለች፤ ውሻ ቢያባርረው ልጅ ልካ ታስጥለዋለች። ከትምህርት ቤቱ ጎጆ አንዱ ያስጠጋዋል፤ መምህሩም ስሙንና አገሩን ጠይቀው ይይዙታል። ለዚህ ልጅ የተዘጋጀ ነገር የለም እንዳንል አገሩ ሁሉ ልማድ አድርጎ አዘጋጅቶለታል። የእኛ እናቶችና አያቶች በየቤታቸው ደጅ ያን ልማድ ሲፈጽሙ ኖረዋል። ሐዲስን የመሰሉ ሰዎች የወጡት ከዚህ ሥርዓት ነው።

ሐዲስ በወጣትነታቸው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ያን ጊዜ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ተሳፍረን በአንድ ቀን የምንገባበት አስፋልት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በቅኔ ቤት ያደጉ ወጣት ናቸውና ብዙ እንደሚያውቁ አያጠራጥርም። ሆኖም የባዕድ ቋንቋ ፊደል ለመቁጠር እንደ አዲስ ተማሪ እንደገና ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዲስ አገር የገባ ሰው የሚያውቀውን ሳይጥል የማያውቀውን ከመጀመሪያው መጀመር እንዳለበት ከዚህ የምንማር ይመስለናል። በተማሪነታቸው ዘመን ቲያትር እስከ መጻፍም ደርሰዋል።

ትምህርታቸውን ይዘው ወደ ጎጃም ተመልሰው በሥራ ላይ ሳሉ የጣልያን ወረራ መጣ። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከሰሜን ከተመለሰ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ትግሉን ቀጠሉ። በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ግን ከፋ አካባቢ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት በጠላት እጅ ወደቁ። ሐዲስም ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። እስሩ 7 ዓመት ገደማ ቆየ።

ይህ ደግሞ ፈቅደው ያልሄዱበት ስደት ነው። የወጡት በወጣትነት፣ የተመለሱት ሙሉ ሰው ሆነው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር የከበበው ደሴት ላይ ያሳለፈ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? ገንዘብ አልያዙም፤ ትምህርታቸውንና በመከራ የተፈተነ ወዳጅነት ይዘው ነበር የተመለሱት። ስለዚያ ጊዜ ኋላ በእርጅናቸው ትዝታ የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።

አገር ነጻ ከወጣች በኋላ የተባበሩት ኃይሎች ከእስር አስፈትተዋቸው ሲመለሱ፣ መንግሥት የተማረ ሰው በእጅጉ ያስፈልገው ነበርና ወደ ውጭ ጉዳይ ሥራ ገቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በአሜሪካ አገራቸውን ወክለው ሠሩ። የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። ከዚያም በእንግሊዝ አገር አምባሳደር ሆነው ለዓመታት ቆዩ። እንግዲህ ዕድሜያቸውን ብንቆጥረው አብዛኛው ከተወለዱበት ቀዬ ውጭ ያለፈ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ የጻፉት ግን ስለ ጎጃም ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩ የሚጀምረው እኛ በየሳምንቱ በምናልፍባት በማንኩሳ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ የምናገኛት ያቺ ማንኩሳ ናት። የቡሬን ገበያ ለመድረስ ስንቸኩል አልፈናት የምንሄድ ከተማ በአማርኛ መጻሕፍት ሁሉ ዘንድ ከታወቁት ቦታዎች አንዷ መሆኗን ከመካከላችን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ማንበብ ያልቻሉ እናቶቻችን ግን ታሪኩን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው እየሰሙ አልቅሰውበታል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዲማ ደርሶ መምህር ይሆናል። ኋላም ከሰብለ ወንጌል ጋር በመዋደዱ ምክንያት ነፍሱን ለማትረፍ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። እርሱ ሲንከራተት መንገዱ ይከብደዋል እንጂ የቅኔ ተማሪና መምህር ነውና በየሄደበት የሚያስጠጋው ደብር አያጣም። ሰብለ ወንጌል ግን የባላባት ልጅ ሆና፣ ቤቷ ሙሉ ሆኖ፣ ለመሄድ ስትነሣ የምትሄድበት መንገድ አልነበራትም። ለማትፈልገው ሽማግሌ ሊድሯት ነው። በግልጽ እሄዳለሁ ብትል አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ አይፈቅዱም። ስለዚህ በምስጢር፣ የወንድ መነኩሴ መስላ ወጣች።

አስተማሪያችን ይህን ስትነግረን ዝም ብለን ቆየን። ለቆሎ ተማሪው የተከፈተው ደጅ ለሴት ልጅ አልተከፈተም ነበር ማለት ነው። አገሩ እንግዳ መቀበል ያውቃል፤ የሚቀበለው ግን ደበሎ የለበሰ ወንድ ልጅን ወይም መነኩሴን ነው። ብቻዋን የመጣች ወጣት ሴት ብትሆን ማነሽ፣ ከማን ጠፍተሽ ነው ተብላ ትጠረጠራለች። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የጎጃም ሴት ቅኔን ተምረው እስከ ማስተማር ደርሰዋል፤ የተማሩት ግን እንደ ወንዶቹ ከደብር ደብር ዞረው ሳይሆን ከአባታቸው ዘንድ ነው። ሰብለ ወንጌል ፀጉሯን ሸሽጋ መነኩሴ መምሰሏ ለተንኮል አይደለም። ሴት ሆና የምትሄድበት ጎዳና ስላልነበረ ነው።

መጨረሻውን ሁላችንም እናውቃለን። በዛብህን የምታገኘው መንገድ ላይ፣ ወንበዴዎች አቁስለውት ሊሞት ሲል ነው። ሰብለ ወንጌልም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ መነኮሰች። ይህን ስንሰማ የኖርነው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። አሁን ግን ስለ መሄድም የሚናገር ሆኖ አገኘነው። ልጅቱን የጎዳት መሄዷ ብቻ አልነበረም። ተደብቃ መሄዷ፣ የት እንደደረሰች የሚጠይቅ አለመኖሩ፣ ቢከፋትም የምትመለስበት ደጅ መዘጋቱ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚያ በኋላ ወንጀለኛው ዳኛንና የልምዣትን ጽፈዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስማቸው ግን በጎጃም ምድር ገና ሕያው ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ጥያቄያችን ተለወጠ። ትሂድ ወይስ ትቅር የሚለውን ትተን፣ የቆሎ ተማሪው ያገኘውን ይህቺ ልጅ እንዴት ታገኛለች ብለን መከርን። የቆሎ ተማሪው የሚያድርበት ጎጆ፣ ስሙን የሚይዝ መምህርና ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነበረው። እኛም እነዚህን ሦስቱን ለማሟላት ተነሣን።

ስለ ጎጆው፣ የአንዲት አባላችን እኅት አዲስ አበባ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ትኖራለች። ስልክ ደውለን ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት እንድታስጠጋት፣ ልጅቱም በጋገራው እንድታግዛት ተስማማን። ስለ ስሟ፣ የመታወቂያዋና የትምህርት ማስረጃዋ ኮፒ በማኅበራችን ፋይል ተቀምጧል። በየእሑዱ ለእናቷ ትደውላለች፤ አንድ እሑድ ካለፈ ጸሐፊያችን ትደውላለች። ስለ መመለሻው፣ ለመሄጃ ከሰጠናት ብድር ሌላ የመልስ መሳፈሪያ በፖስታ ታሽጎ በሣጥናችን ተቀምጧል። ብትመለስ ማንም ለምን ተመለስሽ ብሎ እንዳይጠይቃት በቃለ ጉባኤ ጽፈን ፈርመናል። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ልጆቻችን ክፉ ነገር ሲገጥማቸው እንኳ የማይመለሱት የመንደሩን አፍ ፈርተው መሆኑን የነገረችን የልጇን ድምፅ ያልሰማችው እናት ናት።

ከመሄዷ በፊትም በቅርብ ያለውን እንድታይ አደረግን። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ምክንያት ቡሬ ዛሬ የቀድሞዋ ቡሬ አይደለችም። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ቡሬ ሄዳ ሥራ ጠይቃ፣ ስሟን ትታ ተመለሰች። ሆኖም ልቧ ወደ አዲስ አበባ ነበርና አልያዝናትም።

ሁሉም አባል በውሳኔው አልተደሰተም። ሦስት እናቶች ለሌሎች ልጆች መንገድ እንከፍታለን ብለው እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል፤ ሐሳባቸውም በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ጎጆና ስልክ ስላዘጋጀን ሥራ ይገኛል ማለት አይደለም። እኛም ይህን ለልጅቱ ሳንሸሽግ ነግረናታል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በየዓመቱ የምትልኩልን እርዳታ ለላምና ለበግ እርባታ፣ ለልብስ ስፌት መኪናም ሲውል ቆይቷል። ዘንድሮ ከእርሱ ላይ ጥቂቱን ለመመለሻ መሳፈሪያ እንድናውለው ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። አትርፎ የሚመለስ ገንዘብ እንዳልሆነ እናውቃለን። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ዋስትና መስሎናል።

ልጅቱ የተሳፈረችው መስከረም 20 ቀን ነው። ከማለዳው 11 ሰዓት ላይ ሰባት ሴቶች ሆነን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ፀጉሯን አልሸሸገችም፤ ከማንም አልተደበቀችም። እናቷ ዳቦ ቆሎ ቋጥራላታለች። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከተላከበት ቀን ድረስ ሁለት እሑድ ደውላለች፤ ሥራ ገና አላገኘችም። ፖስታውም እንደታሸገ በሣጥናችን ውስጥ ነው።