ካፒቴን ሐሪስ፤ እንግሊዛዊው ጨዋ በሸዋ

በመሐል ሜዳ የገበያ ቀን፣ ባና ተከናንበው ዘንጋቸውን ይዘው በእርጋታ የሚያልፉትን የመንዝ ሽማግሌ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ጥቂት ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እኒህ ሰው በአደባባይ እህል አይቀምሱም። ቶሎ አይስቁም፤ ቶሎም አይቈጡም። የበጋቸውን ዋጋ ቢጠየቁ እንኳ መልስ የሚሰጡት አስቀድመው የጠያቂውን፣ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ጠይቀው ነው። ይህን የመሰለውን ሰው እኛ ጨዋ እንለዋለን። በእንግሊዝ አገርም የዚህ ዐይነት ሰው አለ፤ ቢያንስ በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ይህን የልብ ወለድ እንግሊዛዊ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። አንገቱ እንደ ምሰሶ የቀና፣ ሻዩን በሰዓቱ የሚጠጣ፣ ያላስተዋወቁትን ሰው የማያናግር፣ ቤቱ ሲቃጠል ባርኔጣውን ፈልጎ አድርጎ የሚወጣ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ጁል ቬርን በ1873 ባወጣው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ልብ ወለድ ውስጥ ፊሊያስ ፎግ የሚባለውን ጨዋ ሲያስተዋውቀን፣ ሰውዬው አሽከሩን ያባረረው የመላጫው ውሃ በ86 ዲግሪ ፋራናይት ፈንታ በ84 ስለ ቀረበለት መሆኑን ይነግረናል። ከዚያም ወዲህ ዉድሃውስን የመሳሰሉ እንግሊዛውያን ደራስያን ራሳቸው በዚሁ ሰው ሲስቁና ሲያስቁ ኖረዋል። እኛም አብረን ስቀናል። ነገር ግን ፊሊያስ ፎግ ከመጻፉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ የእርሱ ታላቅ ወንድም ሊባል የሚገባው አንድ የሥጋና የደም እንግሊዛዊ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ነበር። ስሙም ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሐሪስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ሐሪስ በ1807 በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ተወለደ። በ1823፣ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ በቦምቤይ መሐንዲሶች ክፍል ገባ። ያን ጊዜ ህንድን በእንግሊዝ ስም ይገዛ የነበረው የነጋዴዎች ኩባንያ ነው፤ የሐሪስ ዘመዶቹም ትምህርት ቤቱም ይኸው ጦር ሆነ ለማለት ይቻላል። በ1836 ታመመና ጤናው እንዲመለስለት ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተላከ። ለሕክምና የሄደው ሰው ግን በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ወደ መሐል አገር ዘልቆ፣ የማታቤሌን ንጉሥ ምዚሊካዚን እጅ ነሥቶ፣ ከንጉሡ ፈቃድ ተቀብሎ ዝሆንና አንበሳ ሲያድን ከረመ። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ገና ያልታወቀ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቀለሰ ትልቅ ጥቁር የአጋዘን ዐይነት አግኝቶ ቆዳውን ወደ ሎንዶን ላከ፤ አውሬውም ብዙ ዘመን በእርሱ ስም ሲጠራ ኖረ። ስለዚህ ጉዞ የጻፋቸው መጻሕፍት በአፍሪቃ ስለሚደረግ አደን ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ የሚቈጠሩ ናቸው። በኋላ ዘመን በልብ ወለድ የምናገኘው፣ ጠመንጃ ይዞ በበረሓ ውስጥም ጺሙን መላጨት የማይተወው እንግሊዛዊ አዳኝ፣ ዘሩ ቢቈጠር ከነዚህ መጻሕፍት ይደርሳል።

ወደ አገራችን ያመጣው ግን አደን አይደለም። እንግሊዞች በ1839 ዓደንን ከያዙ በኋላ ከባሕሩ ወዲህ ያለውን አገር በዐይናቸው ይመለከቱ ጀመር። በዚያው ዘመን ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ በሸዋ ቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በበኩላቸው የጦር መሣሪያ ፈልገው ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፈዋል። እንግዲህ አንዱ ጠመንጃ ይፈልጋል፤ ሌላው ንግድ መክፈት፣ ፈረንሳዊውን ማስቀደም አለመፈለግ፣ የባሪያንም ንግድ መከልከል ይፈልጋል። የቦምቤይ መንግሥት በ1841 ሐሪስን የመልእክተኞች አለቃ አድርጎ፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ሊቅ፣ ሠዓሊና ወታደሮች ጨምሮ ላከው። ከታጁራ ተነሥተው በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው የአዳልን በረሓ በግመል ሲያቋርጡ ሙቀቱና የውሃው ማጣት ሊገድላቸው ደረሰ። አንድ ሌሊት በሰፈሩበት ሸለቆ ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት ተኝተው ሳሉ ታረዱ። ሐሪስ ሙታኑን ቀብሮ ጉዞውን ቀጠለ። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሲተርክ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ በልብ ወለድ የምንስቅበት ድርቅና እዚህ ላይ ሲታይ የሚያስቅ አይደለም።

በሐምሌ ዝናብ ሸዋ ደረሱ፤ ግን ንጉሡን ወዲያው አላዩም። በአልዩ አምባ መቆየት፣ በእኛ አነጋገር ደጅ መጥናት፣ ግድ ሆነባቸው። በመጨረሻ በተጠሩበት ቀን ካፒቴኑና መኰንኖቹ የማዕርግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መድፋቸውን አስተኵሰው፣ ጩኸቱ ከተራራ ወደ ተራራ ሲያስተጋባ ወደ አዳራሹ ገቡ። ንጉሡ በአልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀበሏቸው፤ አንድ ዐይናቸው በሕመም የጠፋ፣ መልካቸው ግን ግርማ የተሞላ እንደ ነበረ ሐሪስ ራሱ ጽፏል። እጅ መንሻው ቀረበ፤ ምንጣፍ፣ ሻል፣ የሚዘምር ሰዓት፣ በመጨረሻም ሳንጃ ያላቸው 300 ጠመንጃዎች። ሻሉን ሁሉም አደነቀው፤ ንጉሡን ያስደሰተው ግን የትኛው እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ልንል እንወዳለን። በልብ ወለድ ያለው እንግሊዛዊ ሦስተኛ ሰው መካከል ገብቶ ካላስተዋወቀው ከማያውቀው ሰው ጋር አይነጋገርም እየተባለ ይሳቅበታል። በሸዋ ቤተ መንግሥትስ? እንግዳ በመጣ ጊዜ ባልደረባ ይሰጠዋል፤ የእንግዳውም ቃል ወደ ንጉሡ የሚደርሰው በባልደረባው አፍ ነው። ባልደረባ የሌለው ሰው ዓመት ደጅ ቢጠና ሰሚ የለውም። እንግሊዛዊው በታላቅ ሰው ፊት ባርኔጣውን ያወልቃል፤ የእኛ ሰው ሸማውን ያደገድጋል። እንግሊዛዊው በገበታ ላይ የትኛው ማንኪያ አስቀድሞ እንደሚነሣ ያውቃል፤ በንጉሡ ግብር ደግሞ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ብርንዶው ለማን አስቀድሞ እንደሚቀርብ የማያውቅ ባላባት የለም። ንጉሡም የሚበሉት ሰው እንዳያያቸው ተጋርደው ነው። የንጉሡ ዘር የሚመዘዘው ከመንዙ ከአቤቶ ነጋሢ ክርስቶስ ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ወግ ዛሬ በመሐል ሜዳ ገበያ ባና ተከናንበው ከሚያልፉት ሽማግሌ ወግ ጋር የአንድ አገር ልጅ ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የተገናኙት የሠለጠነና ያልሠለጠነ፣ ወይም ደረቅና ለስላሳ አይደሉም፤ ሁለት ጨዋዎች ናቸው። እያንዳንዱም ሌላውን ወግ የማያውቅ አድርጎ ቈጠረው። ልዩነቱ ካፒቴኑ መጽሐፍ መጻፉ ብቻ ነው። የቤተ መንግሥቱን ሥርዐት በዚያ መጽሐፍ ሲገልጽ ብዙ ጊዜ በፌዝ ነው፤ የራሱን መድፍና የማዕርግ ልብስ ሲገልጽ ግን ፌዝ የለም።

ጨዋ የሚለው ቃል በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ሌላ ትርጉም እንዳለው የታወቀ ነው፤ ያልተማረ፣ መጽሐፍ የማያነብ ማለት ነው። ሐሪስ በሸዋ በሁለቱም ትርጉም ጨዋ ነበረ። በአማርኛ በኩል ዐይኑም ጆሮውም በአብዛኛው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ክራፕፍ በ1839 ወደ ሸዋ መጥቶ ቋንቋውን የተማረ፣ ከሐሪስ መምጣት በፊት በንጉሡ ዘንድ የታወቀ ሰው ነው። በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ መንዝን አቋርጦ ወደ ወሎ ሲሄድ መድፍም ሰንደቅ ዓላማም አልነበረውም፤ በወሎም ተዘረፈ። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ስናያቸው የሐሪስ ድርቅና ምን እንዳስከፈለው ይታየናል። ስለ ሃይማኖታችንና ስለ ልማዳችን በመጽሐፉ ከሰፈረው የሚበልጠው ከክራፕፍ የተቀዳ ዕውቀት ነው።

ይሁን እንጂ ሰውዬውን ለመሳለቂያ ብቻ አሳልፈን ልንሰጠው አንችልም። ንጉሡ በኦሮሞ አገር ላይ ሲዘምቱ መልእክተኞቹ አብረው ወጡ። መንደር ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲማረኩ ሐሪስ አየ፤ ያየውንም ጻፈ። ያን ቀን የጻፈውን ማንበብ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ የገዛ አገራችን ዜና መዋዕል በድል የሚያልፈውን ነገር በሬሳ ቈጥሮ ያሳየናልና። ከዚያም በኋላ ስለ ምርኮኞቹ ንጉሡን ለምኖ ብዙዎች ተለቀቁ። በጎንቾ አምባ በሰንሰለት ታስረው ለኖሩት የንጉሡ ዘመዶችም አማልዶ አስፈታቸው። እንግሊዞች ስለ ታሰሩ የኢትዮጵያ ልዑላን ያነበቡት ዶክተር ጆንሰን በ1759 ባሳተመው በራሴላስ ታሪክ ነበር፤ በዚያ ልብ ወለድ ልዑላኑ የሚኖሩት በለምለም ሸለቆ፣ በዘፈንና በምቾት ነው። ሐሪስ ያገኛቸው በጎንቾ በእግር ብረት ነው። የመድፉም የሰዓቱም እጅ መንሻ ቢረሳ ይህ አንድ ሥራው ሊረሳ አይገባም።

የውሉ ነገር ባጭሩ የሚነገር ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1841 በአንጎለላ ዐሥራ ስድስት አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሐሪስ ዝሆን ገድሎ ከንጉሡ የገዳይ ሽልማት ተቀበለ፤ መልእክተኞቹም በአንኮበር ለንጉሡ በእንግሊዝ ወግ ቤት ሠሩላቸው። ንግዱ ግን አልተከፈተም። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ተመልሶ መጥቶ በ1843 የራሱን ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሐሪስ ሸዋን ለቅቆ ሄዶ ነበር።

በ1844 በሦስት ቅጽ የኢትዮጵያን ደጋማ አገር የሚመለከተውን መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የሰር ማዕርግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ደግሞ ውሉ በተፈረመባት በአንጎለላ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የተባሉት ሕፃን ተወለዱ። መጽሐፉ ተነበበ፤ ተነቀፈም። እንግሊዛውያን አንባብያን ራሳቸው የቃላቱን ማበጥ፣ የዐረፍተ ነገሩን መጐተት አልወደዱለትም። በሸዋ የነበረው ዶክተር ቤክ ከመልእክተኞቹ ጋር ስለ ነበረው ጠብ አቤቱታ የሚመስል ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። በ1842 በአልዩ አምባ በንዳድ ታሞ የኖረው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተንም የራሱን የጉዞ ታሪክ በ1844 አሳተመ፤ የመልእክተኞቹ ነገር በጆንስተን ዐይን ሲታይ በሐሪስ መጽሐፍ እንዳለው አያምርም። እኛ ሁለቱን ብናወዳድር የምንወደው ጆንስተንን ነው፤ ከመንደር ሰው ጋር ተቀምጦ የጻፈ ነውና።

ሆኖም የሸዋን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ከሐሪስ ሊያመልጥ አይችልም። የግብሩን ሥርዐት፣ የሠራዊቱን አሰላለፍ፣ የንጉሡን አነጋገርና ልብስ ከእርሱ ያህል አብዝቶ የጻፈልን በዚያ ዘመን የለም። አብሮት የመጣው የባቫሪያው ሠዓሊ በርናትዝም በ1852 ሥዕሎቹን አሳትሞ የአያቶቻችንን አንኮበር በቀለም አሳየን። የገዛ ቤታችንን በእንግዳ መስኮት አጮልቀን እናያለን፤ መስኮቱም ጠማማ መሆኑን እያወቅን። አንዳንዶቻችን ይህን ችግር የሚፈታው መጽሐፉን መተው ነው እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ ያየነውን ሁሉ እንዳለ እንቀበላለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ግን ሌላ ነገር ያሳስበናል። ለዕረፍት ወደ መንዝ በወጣን ጊዜ ክራባት አስረን፣ በርጩማ ትተን ወንበር ፈልገን፣ የአያቶቻችንን ረዥም ሰላምታ በአንድ ቃል የቈረጥን ቀን፣ ከባናው በታች ሆነው ምን ብለው ጻፉን ይሆን? እነርሱ ሦስት ቅጽ አያሳትሙም እንጂ በልባቸው መጻፋቸው አይቀርም።

ሐሪስ በእንግሊዝ አገር ብዙ አልቆየም፤ ወደ ህንድ ተመለሰ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1847 ዐረፉ። በ1848 እንግሊዞች ዋልተር ፕላውደንን በምጽዋ ቆንሲል አድርገው ሾሙት፤ እርሱም በቀጣዩ ዓመት ውል የተዋዋለው ከሸዋ ጋር ሳይሆን ከራስ ዐሊ ጋር ነው። የአንጎለላው ውል በሳጥን ውስጥ ቀረ። ሐሪስም ይህን ሳያይ፣ በዚያው በ1848 በኦክቶበር ወር፣ በፑና ከተማ አጠገብ በንዳድ ታሞ በአርባ አንድ ዓመቱ ሞተ።