የመሐንዲሱ የስታይንሜትዝ ሕይወት

ቻርልስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1865 በብሬስላው ከተማ ጀርባው ጎባጣ ሆኖ ተወለደ፤ አባቱም አያቱም እንደዚሁ ነበሩ። ሐኪሞች ካይፎሲስ የሚሉት ይህ የአከርካሪ መጉበጥ ሲጸና ደረትን ያጣብባል፣ ሳንባንና ልብን ያስጨንቃል።

በሶሻሊስትነቱ ሊታሰር ሲል በ1888 ወደ ዙሪክ ሸሸ። በሚከተለው ዓመት ኒውዮርክ ወደብ ሲደርስ ሹማምንቱ ሰውነቱን አይተው ሊመልሱት ቃጡ፤ የገባው አብሮት የተጓዘው ወዳጁ ስለ ተከራከረለት ነው።

በዚያን ዘመን የሞተር ብረት በመግነጢስ መመላለስ ምን ያህል ኃይል በሙቀት እንደሚያባክን የሚታወቀው ሞተሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ስታይንሜትዝ በ1892 ብክነቱ ከመግነጢሱ እፍግታ ጋር በ1.6 ርቢ እንደሚያድግ አሳየ፤ ንድፍ አውጪውም ኪሳራውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ለማስላት በቃ። በ1893 ደግሞ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ስሌት በኮምፕሌክስ ቁጥሮች አቀለለ፤ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ዘዴ ነው።

ጉብጠቱ ለልጆቹ እንዳይተርፍ ሠግቶ ሳያገባ ኖረ። ሆኖም የላቦራቶሪ ረዳቱን ጆሴፍ ሄይደንን ልጁ አድርጎ ከነሚስቱ በስከኔክታዲ ቤቱ አኖረ፤ ሦስቱ የሄይደን ልጆችም አያታችን እያሉት አደጉ። ይህን እኔ ከቀመሩ አሳንሼ አላየውም። በ1923 ልቡ ደክሞ ያረፈው በዚያው ቤት ነው።