ኒኮላይ ቫቪሎቭ፡ በሽታ የማይበግረውን ዘር ፍለጋ

በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ከተዘሩ ሁለት የስንዴ ዓይነቶች አንዱን ዋግ ሲጨርሰው ሌላው ምንም ሳይሆን የሚያፈራው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ውስጥ የተወለደው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ገና በወጣትነቱ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመቶዎች የሚቆጠሩ የስንዴና የአጃ ዓይነቶችን እየዘራ ፈንገስ የቱን እንደሚያጠቃና የቱን እንደሚተው መዘገበ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከዊሊያም ቤትሰንና ከሮውላንድ ቢፈን ዘንድ ተማረ። ዋግን የመቋቋም ባሕርይ በሜንዴል ሕግ እንደሚወረስ በ1905 ያሳየው ቢፈን ነው።

ቫቪሎቭ በ1919 ባወጣው መጽሐፉ፣ የመቋቋም አቅም እንዲያው የሚገኝ ዕድል ሳይሆን ከተክሉ የዘር ሐረግና ፈንገሱ ለይቶ ከሚያጠቃቸው ዝርያዎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ዘሩን የት እንፈልገው? መልሱ የሰብሉ ዓይነት ከሌላው ቦታ ሁሉ በበዛበት፣ በጥንተ መገኛው የሚል ነበር። በ1930 የቦሎቄን ምድር ሜክሲኮንና መካከለኛው አሜሪካን አሰሰ። ዛሬም ቦሎቄን አንትራክኖዝ ከተባለው የፈንገስ በሽታ የሚታደጉ ጂኖች በብዛት የሚገኙት ከዚያና ከአንዲስ ተራሮች በመጡ ዘሮች ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1927፣ ወደ እኛ አገር መጥቶ ነበር። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አስመራ ሲገባ የስንዴ፣ የገብስና የጥራጥሬ ዘር በብዛት ሰብስቦ ነበር። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት።

አገሩ ግን የከፈለችው ክፉኛ ነው። የስታሊን ድጋፍ የነበረው ትሮፊም ሊሴንኮ የጂን ሳይንስን የቡርዣ ቅዠት ሲያስብል፣ ቫቪሎቭ አልታጠፍም አለ። በ1940 ታሰረ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢቀየርለትም በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በተከበበችው ሌኒንግራድም ባልደረቦቹ የሩዝና የኦቾሎኒ ዘር ታቅፈው፣ አንዲት ፍሬ ሳይቀምሱ፣ በረሃብ አለቁ። ከወንጀሉ ነፃ የተባለው በ1955 ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ በወሰዱት ገብስ ውስጥ አመድ መሳዩን የቅጠል ፈንገስ የሚቋቋም ጂን ተገኘ። ጂኑም በአውሮፓ በሚዘራው የፀደይ ገብስ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት በስፋት ሲያገለግል ቆይቷል።