በ62 ዓመቷ የታወቀችው ተዋናይት

ሰው በስድሳ ዓመቱ አዲስ ሥራ ልጀምር ቢል አብዛኞቻችን ጊዜው አልፎበታል እንላለን። እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ቫዮሌት ካርሰን ግን በአገሯ ከዳር እስከ ዳር የታወቀችው 62 ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ታዲያ እጇን አጣጥፋ ዕድሏን ስትጠብቅ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሠራ ነው የኖረችው። ከሥራዋም አንዱና ረጅሙ ሕፃናትን ማጫወትና ማስተማር ነበር። እኛም ነገ ሕፃናት ፊት የምንቆም ዕጩ መምህራን ነንና ታሪኳ ይመለከተናል በማለት አቅርቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቫዮሌት የተወለደችው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1898 በማንችስተር ከተማ፣ አንኮትስ በሚባለው ሠፈር ነው። ማንችስተር ያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። አንኮትስ ደግሞ ወዛደሩ ተፋፍጎ የሚኖርበት፣ የጭስ ማውጫው ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሚታይበት ሠፈር ነበር። አባቷ የዱቄት ወፍጮ ያሠራ ነበር። እናቷ በትርፍ ጊዜዋ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ልጅቱም ገና በሕፃንነቷ ፒያኖ መማር ጀመረች። ታናሽ እኅቷን ኔሊን አስከትላ፣ ሁለቱ የካርሰን እኅትማማቾች ተብለው በሰው ፊት ይዘፍኑ ነበር።

ዕድሜዋ 15 ዓመት ሲሆን በከተማው መካከል በሚገኝ ሲኒማ ቤት የፒያኖ ተጫዋችነት ሥራ አገኘች። በዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ተመልካቹ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕሉን ሲያይ፣ ከሥር ፒያኖ የሚጫወተው ሰው ዓይኑን ከሸራው ሳይነቅል ሙዚቃውን ከታሪኩ ጋር ማስማማት ነበረበት። ፈረስ ሲጋልብ ጣቶቹ መፍጠን፣ እናት ስታለቅስ ጣቶቹ መለስለስ አለባቸው። ሥራው ቀላል አይደለም እኮ! ቫዮሌት የሰውን ስሜት ፈጥኖ መረዳትን የተለማመደችው እዚህ ይመስለኛል፤ የትወና ትምህርት ቤቷ ይኸው ጨለማ አዳራሽ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1926 ጆርጅ ፔፕሎ የሚባል ሰው አገባች። ትዳሩ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየው፤ ባሏ በ1928 ሞተ። በሠላሳ ዓመቷ ገደማ መበለት ሆነች፣ ልጅም አልነበራትም። በዚያው ሰሞን ድምፅ ያለው ፊልም መጣና በየሲኒማ ቤቱ ፒያኖ ይጫወቱ የነበሩት ሁሉ እንጀራቸውን አጡ። ቤቷም ሥራዋም በአንድ ጊዜ ተናጋ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ብሎ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛ ሳታገባ ሙዚቃዋን ይዛ ቀጠለች።

በ1935 ማንችስተር በሚገኘው የቢቢሲ ሬዲዮ ጣቢያ ገባች። ያልሠራችው ሥራ የለም፤ ከአስቂኝ ዘፈን እስከ ኦፔራ ዘፍናለች፣ ድራማ ተጫውታለች፣ ለሴቶች በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ቃለ መጠይቅ አድርጋለች። ከጦርነቱም በኋላ ዊልፍሬድ ፒክልስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ተራውን ሕዝብ ጥያቄ ይጠይቅበትና ይሸልምበት በነበረው ታዋቂ ፕሮግራም ላይ ለዓመታት ፒያኖ ተጫውታለች። አድማጩ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር፤ የፒያኖዋን ድምፅ እንጂ መልኳን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተወደደችው በሕፃናት ክፍለ ጊዜ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ያሉ ልጆች የሚያውቋት አክስት ቫይ በሚል ስም ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሬዲዮው አጠገብ ሲቀመጡ እሷ በፒያኖ እያጀበች ታዘፍናቸው ነበር። የራሷ ልጅ ያልነበራት ሴት የብዙ ሺህ ልጆች አክስት ሆነች። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ጭብጨባ የለም፣ ፎቶግራፍም የለም። ልጅ ያድጋል፣ ሬዲዮው ይዘጋል፣ በቃ። ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። በዚሁ የሕፃናት ክፍለ ጊዜ ላይ ከሚጫወቱት ልጆች መካከል ቶኒ ዋረን የሚባል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ሲረብሽ ቫዮሌት ዝም ካላልክ እገርፍሃለሁ ብላ እንደ ገሠጸችው ይነገራል። ይህ ልጅ አድጎ ደራሲ ሆነና በ1960 ኮሮኔሽን ስትሪት የሚባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ፈጠረ። ድራማው ስለ ነገሥታትና ስለ ባለጸጎች ሳይሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ በአንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ስለሚኖሩ ሠራተኞች ነው። በታሪኩ ውስጥ ኢና ሻርፕልስ የምትባል ምላሰኛ አሮጊት አለች። ለዚህች ሴት የምትሆን ተዋናይት ተፈልጋ ጠፋች፤ ብዙዎች ተሞክረው አልሆነም። በመጨረሻ ዋረን ያቺን የልጅነቱን ተቆጪ አክስት አስታወሰ! ቫዮሌትም ጽሑፉን ስታነብ፣ እንዲህ ያለችውን ሴት ባደገችበት አገር ዕድሜዋን በሙሉ ታውቃት ነበርና ሚናውን ለመጫወት አልተቸገረችም።

ድራማው የተጀመረው ዲሴምበር 9 ቀን 1960 ነው። ኢና በዚያው በመጀመሪያው ምሽት የመንገዱን ጥግ ሱቅ አዲስ ወደ ገዛችው ሴት ዘንድ ገብታ፣ ስሟንና ቤተ ክርስቲያኗን ሳይቀር እየጠየቀች ታፋጥጣት ጀመር። ፀጉሯ ላይ መረብ፣ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ካፖርት፣ ፊቷ የማይፈታ። የጸሎት አዳራሽ ጠባቂ ብትሆንም ማታ ማታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መሸታ ቤት ጥግ ተቀምጣ ጥቁር ቢራ እየጠጣች ሰውን የምታማ ናት። ሆኖም ችግር ሲመጣ የምትደፍር፣ የልቧን የማትደብቅ ሴት ስለ ነበረች ሕዝቡ ወደዳት። ለ13 ክፍል ብቻ የታሰበው ድራማ ከ60 ዓመት በላይ ዘለቀ።

ዝና ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቫዮሌት በተፈጥሮዋ ጨዋና ሙዚቃ ወዳድ ነበረች። መንገድ ላይ ስትሄድ ግን የሚጠራት ሁሉ ኢና ብሎ ነው። በልጆች ጆሮ ለዓመታት የኖረችው አክስት ቫይ ተረሳች፤ መረብ ያደረገችው አሮጊት ብቻ ቀረች። ኢና የራሴን ማንነት አጠፋችብኝ እያለች ታማርር ነበር። ቢሆንም ሥራውን አልናቀችውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተጫወተችው። በ1965 ከብሪታንያ መንግሥት ኒሻን ተሸለመች፣ በ1973 የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሰጣት። በስሟም የተሰየመ የጽጌረዳ አበባ አለ፤ ይህኛው ስም እንኳ ኢና ሳይሆን ቫዮሌት ካርሰን ነው።

በ1980 ጤናዋ ስለ ደከመ ከድራማው ወጣች። ከእኅቷ ከኔሊ ጋር ትኖርበት በነበረው በብላክፑል ከተማ ዲሴምበር 26 ቀን 1983 በ85 ዓመቷ ዐረፈች።

እንግዲህ ጓዶች፣ እኔን ያስገረመኝ ዝናዋ አይደለም። የዝናዋን በር የከፈተላት ማን ነው? ባለሥልጣን አይደለም፣ ዘመድ አይደለም፤ ትናንት የገሠጸችው ልጅ ነው። ተቆጥታዋለች፣ እሱ ግን ቂም አልያዘባትም፤ ያስታወሰው ቆራጥነቷንና ችሎታዋን ነው። እኛም በቅርቡ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ማንም አያየንም ብለን ሥራችንን እናቃልል ይሆናል። ተሳስተናል። ከፊታችን የተቀመጡት ሃምሳና ስድሳ ሕፃናት እያዩን ነው፤ ያዩትንም ይዘውት ያድጋሉ።