ሐኪም ላምቢ በሶባት ወንዝ ዳር

ጁባ ከተማ፣ ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር ሆኖ በሐኪም ቤት ያለ ደመወዝ ሊያገለግል የተነሣ አንድ ወጣት ወንድም፣ የባዕድ አገርን ኑሮ ሰው እንዴት እንደሚለምደው ጠየቀኝ። እኔ በዚያ አገር አልኖርሁምና ምክር ለመስጠት አልደፈርሁም። ነገር ግን በዚሁ አገር ቆላ ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጡትን፣ ለእኛም አገር ወንጌል ባለውለታ የሆኑትን የሐኪም ቶማስ ላምቢን ታሪክ ነገርሁት። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ዶክተር ላምቢ በ1885 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1907፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የፕሬስቢቴርያን ሚስዮን ወደ ሱዳን ላካቸው። በመጀመሪያ በሺሉክ ሕዝብ መካከል በዶሌብ ሂል፣ ኋላም በኑዌር ሕዝብ መካከል በናሲር ተቀመጡ። እነዚህ ስፍራዎች ከጁባ ወደ ሰሜን ርቀው በሶባት ወንዝ ዳር የሚገኙ ናቸው። ሶባት ማለት የእኛው ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ የሚወጣለት ስም ነው፤ እንግዲህ ሐኪሙ የኢሉባቦርን ተራራ በዓይናቸው ሳያዩ አስቀድመው ውኃውን ጠጡ ማለት ነው።

እኛ ደገኞች ቆላ የምንፈራው በከንቱ አይደለም። በዚያ ሜዳ ላይ ኰረብታ የሚባል ነገር የለም። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዙ ከአፉ ተርፎ ምድሩን ያለብሳል፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ትንኙ ወባን ይዞ ይነሣል። ካላዛር የሚባለው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ሥጋን የሚያመነምን ንዳድም በዚያ አገር አለ። ኑዌር ከብት አርቢ ስለ ሆነ በክረምት ከፍ ባለው ስፍራ በመንደሩ ይኖራል፤ በበጋ ግን ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ በበረት ያድራል። ስለዚህ በሽተኛው ዛሬ ተኝቶ ካየኸው ስፍራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይገኝም፤ ከብቱ ከሄደ እርሱም ይሄዳልና። በፒትስበርግ በሽተኛ ወደ ሐኪሙ ደጅ ይመጣል፤ በሶባት ዳር ግን ሐኪሙ የራሱን ቀን መቍጠሪያ ትቶ በወንዙና በላሙ ዘመን መቍጠር ግድ ይሆንበታል። ዐረብኛ ማወቅም ብቻውን አይበቃም፤ እናቲቱ ሕፃንዋን ይዛ የምትናገረው በኑዌርኛ ነው።

ወጣቱ ወንድማችን በዚህ ላይ ሳለን፣ ሐኪሙ ስንት ወር ፈጀባቸው ብሎ ጠየቀኝ። ዓመት እንጂ ወር አትቍጠር አልሁት። ባለቤታቸው ሻርሎትም በዚያ ቤት አቅንተው ልጆች አሳድገዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የሐኪሙን መድኃኒት ሕዝቡ እንዲያምነው ያደረገው ከመርፌው ይልቅ ይህ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በጎርፉ ዘመን የተቀመጠ ሰው አላፊ መንገደኛ እንዳልሆነ ይታወቃልና።

በ1918 የኅዳር በሽታ ኢትዮጵያን በመታ ጊዜ የሳዮ ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም እንዲላክላቸው በጋምቤላ በኩል ለመኑ። ዶክተር ላምቢም በ1919 ቤተ ሰባቸውን ይዘው በሶባትና በባሮ ላይ በጀልባ ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም በበቅሎ ወደ ደምቢ ዶሎ ወጡ። በዚያ የተተከለው ሥራ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን መነሻ ሆነ፤ ይህችም በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆናለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ በአዲስ አበባ በጉለሌ ሐኪም ቤት ሠሩ፤ በ1928 ከጓደኞቻቸው ጋር ወላይታ ሶዶ ደረሱ፤ ለሥጋ ደዌ በሽተኞችም ደከሙ። የኢትዮጵያን ዜግነት እስከ መቀበል ደረሱ፤ በ1935 ጦርነቱ ሲነሣ የቀይ መስቀል ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ።

ስለ ሐኪሙ የምንናገር ሰዎች ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ እናቆማለን፤ ማቆሙ ግን እውነት አይደለም። ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ፣ በ1936፣ የሚስዮኑ ሥራ እንዳይዘጋ ተስፋ አድርገው አስቀድሞ በኢጣልያኖች ላይ የመሰከሩትን ክስ መልሰው አነሡ። ሥራው በዚህ አልዳነም፤ ሚስዮናውያኑ ተባረሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን እንደ ክዳት ቈጠሩት፤ አገሩ ነጻ ከወጣ በኋላ እንኳ ለሐኪሙ የመመለሻ በር አልተከፈተላቸውም። ወጣቱ ወንድም ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እኔም የሠሩትን ስሕተት ላሳንሰው አልፈለግሁም፤ የወደዱትን ሥራ ለማዳን ብለው የወደዱትን ሕዝብ አሳዘኑ።

ዶክተር ላምቢ ግን ሐኪምነታቸውን አልተዉም። በሽምግልናቸው ወደ ቅድስት አገር ሄደው እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ሐኪም ቤት አቆሙ። በ1954 በፋሲካ ሰሞን በኢየሩሳሌም ዐረፉ።