የመርከበኞችን መንገድ ያሰላች ሴት

በማኅበራችን ሒሳብ የሚይዙና መዝገብ የሚጽፉ እኅቶች ሥራቸው ዓይን አይገባም። ገበያ ወጥታ የሸጠችው ትታያለች፤ ማታ በመብራት ቁጥር ስትደምር የምታመሸው ግን አትታይም። ለዚህ ዕትም የማሪያ ሚቼልን ሕይወት የመረጥነው ይህንን አስበን ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ማሪያ በ1818 አሜሪካ ውስጥ ናንታኬት በተባለች ደሴት ተወለደች። በዚያ ዘመን የደሴቲቱ ወንዶች ዓሣ ነባሪ ለማደን በመርከብ ወጥተው ለዓመታት ይቆዩ ነበር፤ ቤቱና ንግዱ በሴቶች እጅ ይቀር ነበር። ወላጆቿ ሴት ልጅ እንደ ወንድ ልጅ መማር አለባት ብለው የሚያምኑ ኩዌከሮች ነበሩ። አባቷ የመርከብ ሰዓቶችን ከከዋክብት ጋር እያመሳከረ ትክክለኛነታቸውን ያረጋግጥ ነበር።

ይህ ሥራ የሰው ሕይወት የሚያድን ነበር። ባሕር ላይ መንገድ የሚያሳይ ተራራም ዛፍም የለም። መርከበኛው የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄደ ያውቃል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሄደውን ለማወቅ ግን ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልገዋል። ሰዓቱ በ1 ደቂቃ ብቻ ቢሳሳት፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለችበትን ቦታ በ28 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። በጨለማ ያ ርቀት መርከቧን ከዐለት ጋር ሊያላትማት ይችላል።

ማሪያ በ12 ዓመቷ አባቷ የፀሐይ ግርዶሽ ሲመለከት ሰከንዶቹን ቆጠረችለት። በ14 ዓመቷ መርከበኞች ስሌታቸውን አምነው ይሰጧት ጀመር። በ1835 ትምህርት ቤት ከፍታ፣ የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ጥቁሮችን በሚለዩበት ዘመን እነሱንም ተቀበለች። ቀጥላም ለ20 ዓመት ያህል ቀን ቀን በቤተ መጻሕፍት ሠራች፤ ሌሊት ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ሰማይ ትመለከት ነበር። በ1847 ከዚያው ጣሪያ ማንም ያላየውን ጅራታም ኮከብ አገኘች፤ የዴንማርክ ንጉሥም የወርቅ ሜዳይ ሸለማት።

ሜዳዩ ስሟን አስጠራ። ለመርከበኞች ግን የበለጠ የጠቀማቸው ከ1849 ጀምሮ ለ19 ዓመት የሠራችው ስሌት ነው። መንግሥት ለመርከበኞች በየዓመቱ የሚያሳትመው የሰማይ ሠንጠረዥ ነበር፤ በእሱ ላይ ቬነስ የምትገኝበትን ቦታ የማስላቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ቬነስ ማለት እኛ ጎህ ሲቀድ የምናያት የአጥቢያ ኮከብ ናት። የመጀመሪያ ደመወዟ በዓመት 300 ዶላር ነበር። ከአገሯ ርቆ የነበረ መርከበኛ የማሪያን ቁጥር ይዞ መንገዱን ሲያገኝ፣ ቁጥሩን ያሰላችው ሴት መሆኗን ላያውቅ ይችላል።

በኋላ የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ቴሌስኮፕ ገዙላት። እኛ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሴቶች ይህ አይገርመንም። ደጋፊዎቻችንም አንድ መሣሪያ በትክክለኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ።

በ1865 በቫሳር ኮሌጅ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆነች፤ ሴት ተማሪዎቿንም ሌሊት እያስነሣች ራሳቸው እንዲለኩና እንዲያሰሉ አደረገች። ከጊዜ በኋላ ግን ደመወዟ በዕድሜ ከሚያንሷት ወንድ መምህራን እንደሚያንስ ደረሰችበት። በኮሌጁ ከነበረችው ሌላዋ ሴት መምህር ጋር ሆና ጭማሪ ጠየቀች፤ ተፈቀደላቸውም። በ1873 ለሴቶች ዕድገት የሚሠራ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነበረች፤ በፕሬዚዳንትነትም መርታዋለች። ያረፈችው በ1889 በ70 ዓመቷ ነው። ዛሬ በጨረቃ ላይ በስሟ የሚጠራ ጉድጓድ አለ።

የማሪያ ሕይወት ያስተማረን አንድ ነገር ነው፦ በየብስ ተቀምጣ በትክክል የምትቆጥር ሴት በባሕር ያለውን ሰው ወደ ቤቱ ትመልሰዋለች፤ ለዚህ ሥራዋም ተገቢውን ክፍያ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሒሳብ ያዦቻችን አበል ሲነሣ ይህን እናስታውስ።