የቼ ጉቬራ ሞተር ሳይክልና ያልያዘው መለዋወጫ

የቼ ጉቬራን ታሪክ የሚያወራ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ኩባ ተራሮች ይሮጣል። እኔ ሞተር ሳይክል ስለምነዳ ይሆናል፣ ሁሌም የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ጉዞው ነው።

ኤርኔስቶ ጉቬራ እ.ኤ.አ. በ1928 በአርጀንቲና ሮዛሪዮ ከተማ ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ያሠቃየው ነበር። በ1950 የሕክምና ተማሪ ሳለ ብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር አስገጥሞ ሰሜናዊ አርጀንቲናን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ዞረ።

በ1951 መጨረሻ ደግሞ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በ1939 በተሠራች ባለ 500 ሲሲ ኖርተን ከኮርዶባ ተነሣ። “ኃያሏ” ይሏት ነበር። ስሟና አቅሟ ግን አልተገናኙም። ሁለት ሰውና ያን ሁሉ ጓዝ ከኋላ ሲጫንባት ሚዛኗን እየሳተች በፓታጎንያ ጠጠር ላይ ደጋግማ ጣለቻቸው።

በእኔ አስተያየት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው መያዝ ያለበት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሊቀይረው የሚችለውን ብቻ ነው፦ ካላማዳሪ፣ ኮላ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ። ካምቢዮ ተሸክሞ የሚዞር የለም። እነርሱ ከሁሉም በላይ ያመኑት ተራ ሽቦን ነበር፤ ብሎን በጠፋበት ሁሉ በሽቦ ያስሩ ነበር።

ቺሊ ሲገቡ ሽቦም አልበቃም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎ በላሞች መካከል ሰንጥቀው አለፉ። ላውታሮ አጠገብ መሪው ተሰበረ፣ ካምቢዮውም ተጎዳ። ደግነቱ የአገሬው ጋዜጦች የሥጋ ደዌ ባለሙያዎች አድርገው ስለጻፉላቸው ሰው በክብር ይቀበላቸው ጀመር። ከየትኛውም መለዋወጫ ይልቅ የጠቀማቸው ያ የጋዜጣ ወሬ ይመስለኛል።

“ኃያሏ” በመጨረሻ በጭነት መኪና ሳንቲያጎ ደርሳ እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ በእግር፣ በጭነት መኪናና በመርከብ ሆነ። በቹኪካማታ መዳብ ማዕድን መንገድ ላይ ከአንድ ችግረኛ ሠራተኛና ከባለቤቱ ጋር ብርዳማ ሌሊት አሳለፉ። በፔሩ ሳን ፓብሎ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አገለገሉ። በሐምሌ 1952 ካራካስ ላይ ተለያዩ።

በ1953 ሐኪም ሆኖ ተመረቀ፤ በ1959 ከካስትሮ ቀድሞ ሃቫና ገባ፤ በ1965 ኮንጎ ዘመተ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

እኔን የሚያሳዝነኝ የቦሊቪያው ነው። ለሞተሩ ሽቦ ይበቃ ይሆናል፤ ለደረቱ ግን የአስም መድኃኒት እንጂ ሌላ ምትክ አልነበረውም። መድኃኒቱ ጫካ ውስጥ በዋሻ ተደብቆ ነበር። በኦገስት 1967 የመንግሥት ጦር ዋሻዎቹን አግኝቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሲጠናበት በእንስሳ ጀርባ ይጓዝ ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን ቆስሎ ተማረከ፤ በማግስቱ ላ ኢጌራ በምትባል መንደር የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተገደለ። 39 ዓመቱ ነበር።